ቅጠል ተጥሎባት የማታውቅ ኤንትሬ

በያዮ ጫካ መሃል አልፎ ወደ መቱ በሚመጣው መንገድ ላይ መኪና ሲበላሽ፣ ረዳቱ መጀመሪያ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ቀጥሎ ጫካ ገብቶ ቅጠል ይቆርጣል። ቅርንጫፉን ከመኪናው ኋላ ራቅ ራቅ እያደረገ መንገዱ ላይ ይጥለዋል። ከኋላ የሚመጣ ሹፌር ቅጠሉን ሲያይ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣል። ከፊት የቆመ ወንድም አለ ማለት ነውና። ይህን ምልክት ማንም በትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ የሚስተውም የለም።

ጋሼ ጭምዴሳ ኤንትሬ በምትባል አሮጌ የጭነት መኪናቸው ከጎሬ በደሌ፣ ከበደሌ ጅማ ሲመላለሱ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ብዙ ሰው በልጁ፣ በከብቱ፣ በቤቱ ይኮራል። እሳቸው የሚኮሩት ግን በአንድ ነገር ነበር።

"ከእኔ መኪና ኋላ ቅጠል ተጥሎ አያውቅም።"

መቱ ውስጥ ይህን ያልሰማ አልነበረም። በሠርግ ቤት ብለውታል፤ በለቅሶ ቤትም፣ ሰው ሬሳው ከወጣ በኋላ ትንሽ ሲጫወት፣ ብለውታል። ሆስፒታል ሄደው ነርሷ የደም ግፊታቸውን ስትለካ "ከፍ ብሏል አባባ" ብትላቸው፣ "ይውጣ ይውረድ እኔ አላውቅም ልጄ፤ ከእኔ መኪና ኋላ ግን…" ብለው ጀመሩላት።

ባለቤታቸው እትዬ ተጂቱ ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር ከጓዳ ድምፃቸውን ያሰሙ ነበር።

"መቼ ብላ መንገድ ላይ ትበላሽ? ቅዳሜ እሑድ ሆዷን ከፍተህ ሥሯ ተኝተህ ትውላለህ! እኔን አንድ ቀን እንደሷ ብትመረምረኝ ወገቤ ባልታመመ።"

"አንቺ ወገብሽን ነው የሚያምሽ፤ እሷ ባሌስትራዋ ቢታመም ማን ይጮህላታል?"

እንዲህ ተባብለው ምሳ ይበሉ ነበር።

ጋሼ ጭምዴሳ የተወለዱት ኡካ አጠገብ ነው። ልጅ ሆነው ከአጎታቸው ጋር መቱ ገበያ ወጥተው ያዩት የመጀመሪያ ከባድ መኪና እዚያው አስቀራቸው። ረዳት ሆኑ፤ ታኮ ተሸክመው ዳገት ለዳገት ሮጡ፤ በዝናብ ሸራ ላይ አደሩ። መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላም ለብዙ ዓመት የሰው መኪና ነዱ። ደርግ ወድቆ፣ አገሩ በክልል ተከፍሎ፣ የመቱ መሥሪያ ቤቶች በኦሮምኛ መጻፍ በጀመሩበት ዘመን አንድ ድርጅት ያረጁ መኪኖቹን በጨረታ ሲሸጥ፣ ከሁሉ የተናቀችውን ኤንትሬ ገዙ። ሰማያዊ ቀቧት። ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው ሁለተኛ ቤት ሆነች።

ስለ ራሳቸው መኪና ቢኮሩም፣ የሰው ቅጠል አይተው አልፈው አያውቁም። ይህን የሚመሰክርላቸው ሂካ የተባለ ሌላ ሹፌር ነው። ሂካ ዛሬ ባለ ተሳቢ አዲስ መኪና ይዞ ጋምቤላ የሚመላለስ ጎልማሳ ሲሆን፣ መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ክረምት ያዮ ጫካ ውስጥ ካምቢዮው ተሰብሮበት ሲቆም፣ ጋሼ ጭምዴሳ ጭነታቸውን እንደያዙ አብረውት ቆመው፣ የተጠበሰ በቆሎ ተካፍለው፣ መኪናው እስኪነሣ አልተለዩትም። ሂካ ሲያመሰግናቸው ግን ያሉት እንዲህ ነው፤

"ምስጋናህን ተወውና ካምቢዮህን ዘይት አጠጣው። እኔ ቅጠል እጥላለሁ እንጂ አይጣልልኝም።"

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በዚህ ኩራት ላይ ነው።

የመቱ ገበያ ከመንገዱ ዳር ነው፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከመንገዱ ላይ ነው ቢባል ይቀላል። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ አህያው፣ ቡና የጫነው፣ ወደ ጋምቤላ ሲሚንቶ ይዞ የሚያልፈው ባለ ተሳቢ፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ይጋፋል። ሙፊዳ የምትባል ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች። ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀያየረች ደንበኛ የምትጠራ ምላሰኛ ናት። አንድ የገበያ ቀን የአንድ ባለ ተሳቢ ጭራ ሲታጠፍ መደቧን ጠራርጎ ወሰደው። ሙፊዳ ዘላ ተረፈች። ቲማቲሙ ግን አስፋልቱን አቀላው፤ ከሩቅ ያየ ሁሉ ደም መስሎት "ወይኔ!" እያለ ሮጠ።

በማግስቱ ጋሼ ጭምዴሳ በራቸው ላይ ድምፅ ሰምተው ቢወጡ፣ የገበያው ሴቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከፊታቸው ሙፊዳ አለች። በዚያ አገር እርጥብ ሣር ይዞ ደጅ የመጣን ሰው ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ሙፊዳ የወሎ ልጅ ብትሆንም ይህን ከጎረቤቶቿ ጋር አብራ ያደገችበት ነው።

"ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክዎ! ሰዎችዎ ሊጨርሱን ነው" አለች።

"የትኞቹ ሰዎቼ?"

"ባለ ተሳቢዎቹ ናቸው እንጂ። ትራፊኩን አይሰሙ፣ ከንቲባውን አይሰሙ፤ እርስዎን ይሰማሉ።"

"ምን በላቸው ነው የምትዪኝ? ክንፍ አውጥታችሁ ብረሩ ልበላቸው?"

"የራሳቸው መንገድ ይሠራ ተብሎ የለ? እሱን እሺ በሉ ይበሏቸው።"

እውነትም ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ነገር አስቦ ነበር። ከአስፋልቱ በታች በኩል ሰፋ ያለ የአፈር ዳርቻ አለ። እሱን ጠጠር አልብሶ፣ ከአስፋልቱ በድንጋይ ረድፍ ለይቶ፣ ለከባድ መኪና ብቻ የሚሆን መስመር ማድረግ። መግቢያው ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ጭነት ያለው መኪና ከፍሎ ይገባል፤ ገንዘቡ ለዚያው መስመር ጠጠር ይውላል። ሹፌሮቹ "ክፍያ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግን የቀረውን አልሰሙም። በየከተማው መግቢያ ገመድ ሲያስቆማቸው የኖሩ ሰዎች ናቸውና፣ "ሌላ ገመድ ደግሞ!" ብለው ተነሡ። ማዘጋጃ ቤቱም በአንድ የገበያ ቀን ይሞከር፣ መኪኖቹ ገብተው ገበያው በሰላም ከዋለ ለበላይ በጀት ይጠየቃል፣ ካልሆነ ግን ነገሩ እዚያው ይዘጋል ብሎ ነበር።

ጋሼ ጭምዴሳ ሣሩን አዩ። ከዚያ የሙፊዳን ፊት አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ሣሩን ተቀበሏትና በበራቸው ጉበን ላይ ሰኩት።

"ሹፌሮቹን እኔ አስገባለሁ። መስመሩ ይሠራል። ቃሌ ነው" አሉ።

ሴቶቹ እልል ብለው ሲሄዱ እትዬ ተጂቱ ከኋላቸው ብቅ አሉ።

"ደግሞ ምን ተናገርክ?"

"የተናገርኩትን ተናገርኩ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።"

"አፍህን ያዝ! የወለድኩት እኔ ነኝ፤ የተናገርከው አንተ ነህ። የራስህን አጥፋ!"

ጋሼ ጭምዴሳ ሹፌሮቹ ምሳ የሚበሉበት ቤት ሄደው ነገሩን ሲያነሡ፣ መጀመሪያ የተቃወማቸው ራሱ ሂካ ነበር።

"ጋሼ፣ በስተርጅና ለገመድ ጠበቃ ቆሙ?"

"አንተ እስከ ዛሬ ለገመድ ስትከፍል ምን ሰጡህ?"

"ምን ይሰጡኛል? ገመዱን ዝቅ ያደርጉልኛል።"

"አየህ! ገመዱን ራሳቸው ሰቅለው ራሳቸው ሲያወርዱልህ 'ገለቶማ' ብለህ አመስግነህ ታልፋለህ። አሁን መንገድ እንስጥህ ሲሉህ ትጮሃለህ። ትናንት የሙፊዳ ቲማቲም ነው፤ ነገ ሙፊዳ ብትሆን ጋምቤላ ድረስ እንቅልፍ ይወስድሃል?"

ሂካ እንጀራውን አገላበጠ።

"እርስዎ ከፊት ከገቡ እኔ ከኋላዎ ነኝ" አለ በመጨረሻ። ሌሎቹም ያንኑ አሉ።

ለመስመሩ ዕቅድ የተመደበችው መሐንዲስ ዬሮሳን ትባላለች። የመቱ ልጅ ናት፤ ጋሼ ጭምዴሳ አባቷን ያውቋቸዋል። በስብሰባው ላይ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ሲያስፈልግ በኦሮምኛ፣ ሲያስፈልግ በአማርኛ፣ ጋሼ ጭምዴሳን የሹፌሮች ተወካይ አድርጋ በአክብሮት ታስረዳቸው ነበር። መስመሩ የሚወጣው ዳገት መሃል፣ ትልቁ የዋንዛ ዛፍ አጠገብ ስትደርስ እርሳሷን አቆመች።

"እዚህ ላይ ኪስ ያስፈልገናል፣ ጋሼ። መኪና ቢበላሽ ከመስመሩ ወጥቶ የሚቆምበት። በመስመሩ ዳር ያለውን ቦይ ደፍነን ከዋንዛው ሥር እናሰፋዋለን።"

"ኪስ? ኪሱን ባጃጆቹ ማቆሚያ ያደርጉታል። እኔ የምልሽ ድንጋዩ ትልልቅ ይሁን፣ ተጠጋግቶ ይደርደር፤ ፍየል እንኳ በጎን እንዳትገባ።"

"ባጃጁስ እሺ። ከባዱ መሃል ላይ ቢቆምስ?"

"ሹፌር ከተማ ከመግባቱ በፊት መኪናውን ይፈትሻል። ብልሽት ይዞ ገበያ መሃል የሚገባ ሹፌር አይባልም።"

ዬሮሳን ፈገግ አለች። "የእርስዎ መኪና ብትቆምስ፣ ጋሼ?"

ጋሼ ጭምዴሳ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ልጄ፣ ከእኔ መኪና ኋላ…"

"ቅጠል ተጥሎ አያውቅም!" ብሎ ቤቱ በሙሉ ጨረሰላቸው፤ ሳቁ ጣራውን አነሣው። ዬሮሳንም ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ግን "ለሙከራው ይለፍ፤ ሥዕሉ ላይ ግን አላጠፋውም" አለች። ጋሼ ጭምዴሳ ይህን የመጨረሻውን ቃል እንዳልሰሙ ሆኑ።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ጋሼ ጭምዴሳ ኤንትሬዋን አጥበው፣ በቆሎ እስከ አፏ ጫኗት። "ለሰልፍ ነው፣ ባዶዋን አይበቃም?" ቢሏቸው፣ "ባዶ መኪና ምስክር አይሆንም" አሉ። ከኋላቸው ሂካ፣ ከሂካ ኋላ ባለ ተሳቢዎቹ እስከ ከተማው መግቢያ ተሰለፉ። በላይ በኩል አስፋልቱ ለባጃጅና ለእግረኛ ተለቆ ገበያው ተንጣሏል። ሙፊዳ አዲስ መደቧ ላይ ቲማቲሟን ከምራ ቆማለች። ድንጋዩም ጋሼ ጭምዴሳ እንዳሉት ትልልቅ ሆኖ፣ ጥርስ በጥርስ ተደርድሯል።

ገመዱ ወረደ። ኤንትሬዋ ጓ ብላ ገባች። እልልታው ቀለጠ።

እዚህ ላይ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ከዞን የመጡት እንግዶች ከመኪናው ፊት ፊት በእግራቸው እየሄዱ መስመሩን ሊመርቁ ፈለጉ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ዳገት ሲወጡ አይቸኩሉም። ቆም ይላሉ፣ በእጃቸው ያመለክታሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። ኤንትሬዋ በአንደኛ ማርሽም ብትሄድ ትደርስባቸዋለች። ጋሼ ጭምዴሳ በእንግዶቹ ጀርባ ጥሩምባ መንፋት ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ እያደረጉ፣ ያን ሁሉ በቆሎ በዳገት ላይ አንጠልጥለው ተከተሏቸው።

ሽታው መጀመሪያ የደረሰው እሳቸው ጋ ነው። ጠጉር በእሳት ሲነካ የሚሸት ዓይነት ነው። ለሌላ ሹፌር ስንት ጊዜ "ፍሪሲዮንህን እያቃጠልከው ነው" ብለው ጮኸዋል! አሁን ግን የሚጮህላቸው አልነበረም።

"አይዞሽ፣ ትንሽ ብቻ። እስከ ዋንዛው" አሏት።

ዋንዛው ጋ ስትደርስ ሞተሯ አገሳ፤ ጎማዋ ግን አልተንቀሳቀሰም። ነዳጅ ሰጧት፤ ጭስ ብቻ ሰጠቻቸው። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘለለ።

እንግዶቹ ዘወር ብለው አዩ። በአንድ ጎን ድንጋዩ፣ በሌላ ጎን ቦዩ፤ ፍየል እንኳ በጎን አታልፍም። ከኋላ ያሉት መኪኖች አንድ በአንድ ቆሙ። ከእንግዶቹ አንዱ ሰዓቱን አይቶ አጠገቡ ላለው "እንግዲህ አየነው" ሲል በመስኮት ተሰማቸው። ከዚያ ቃል ይልቅ ያቃጠላቸው ግን ሙፊዳ ናት። ምላሷ የማያርፈው ሙፊዳ ምንም አላለችም። አንድ ቲማቲም በእጇ እንደያዘች ቆማ ታያቸው ነበር።

ጋሼ ጭምዴሳ መሪውን ጨብጠው ቀሩ። ከጋቢናው ካልወረዱ መኪናዋ ገና አልቆመችም የሚሉ ይመስሉ ነበር።

ሂካ ከኋላ መጥቶ በመስኮቱ ብቅ አለ። ይህን ቀን ስንት ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል! "ጋሼ፣ ቅጠል ልቁረጥ?" ሊል አፉን ከፈተና ፊታቸውን ሲያይ ቃሉን ዋጠው።

"ፍሪሲዮን ነው?" አለ በቀስታ።

"ነው።"

"እንግዲያው ጋሼ፣ ምን እናድርግ?"

ጋሼ ጭምዴሳ በሩን ከፍተው ወረዱ። ቦዩን ተሻግረው ዋንዛው ሥር ሄዱ፤ እጃቸው የደረሰበትን ቅርንጫፍ ዘንጥፈው አወረዱ። ገበያው፣ እንግዳው፣ ሹፌሩ ሁሉ ያያል። ቅርንጫፉን ይዘው በኤንትሬዋ ጎን አለፉና ከኋላዋ፣ መስመሩ መሃል ላይ ጣሉት። በእጃቸው አስተካከሉት እንኳ። ከሹፌሮቹ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። የሳቀ የለም።

ከዚያ ቀና ብለው ያችን መሐንዲስ ፈለጉ።

"ዬሮሳን! ያን ኪስሽን የት ነበር ያልሽው?"

"የቆሙበት ላይ፣ ጋሼ" አለች፤ ሳቋን መያዝ ግን አልቻለችም።

"በይ አሳዪን። ከየት እስከ የት?"

ዬሮሳን ቦዩን በእግሯ ለካች፤ በጫማዋ ተረከዝ መሬቱን ጫረች። ጋሼ ጭምዴሳ ራሳቸው ካስደረደሩት ድንጋይ ትልቁን አቅፈው አነሡና ቦዩ ውስጥ ጣሉት። ሁለተኛውን ሂካ ነጠቃቸው። ከዚያ ረዳቶቹ፣ ከዚያ ሹፌሮቹ፣ ከዚያ ቀበቷቸውን ጠበቅ ያደረጉ ሸማቾች ገቡበት። በዚያ አገር መኪና የቆመበት ሹፌር ተትቶ አይታለፍም፤ ደቦ የተጠራበትም ሰው እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ድንጋዩ ሲነሣ የተከፈተውን በር ባጃጆቹ ሊገቡበት ሲያንዣብቡ፣ ሙፊዳ ቲማቲሟን አስቀምጣ ሴቶቹን ይዛ መሃሉ ላይ ቆመች።

"ና ግባ! ግባ እንጂ! መደቤን በተሳቢ አፍርሰውብኝ ተርፌአለሁ፤ አንተን በዚች ባለ ሦስት እግርህ እፈራሃለሁ?"

የገባ ባጃጅ አልነበረም።

ቦዩ ሞላ። ላዩ ላይ ጠጠር ተበተነ። ሰው በኤንትሬዋ ጀርባና ጎን ተለጠፈ፤ "ሆ!" ተባለ። በቆሎዋን እንደ ጫነች፣ ታኮው ከኋላ ከኋላ እየተከተላት፣ ቀስ ብላ ዋንዛው ሥር ገባች። ከእንግዶቹም አንዱ፣ ያ ሰዓቱን ያየው፣ ኮቱን አውልቆ ሲገፋ ነበር፤ እጁ ሁሉ ግራሶ ሆኗል።

"እንግዲህ አየነው" አለ ደግሞ፣ አሁን ግን እየሳቀ።

መስመሩ ተከፈተ። ሂካ መጀመሪያ አለፈ፤ ኤንትሬዋ አጠገብ ሲደርስ ጥሩምባውን በረጅሙ ነፋላት። ከእሱ በኋላ ባለ ተሳቢዎቹ አንድ በአንድ፣ ገበያውን ሳይነኩ፣ በራሳቸው መንገድ ወጡ። የሚያልፈው ሁሉ አንገቱን በመስኮት ያወጣል።

"ጋሼ! ይሄ ቅጠል የማነው?"

"የእኔ ነው! እለፍ!"

"ጋሼ! በቆሎ ጠብሰን እናምጣ?"

"እለፍ አልኩህ! መስመር አትዝጋ!"

በዚያ ቀን አንድ ሽንኩርት እንኳ አልተጨፈለቀም። ወደ ማታ ገበያው ሲበተን ሙፊዳ ከቲማቲሟ የመረጠችውን በፌስታል ይዛ መጣችና ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠችላቸው።

"ቃልዎ ደረሰ፣ ጋሼ" አለች።

"ተገፍቶ ነው የደረሰው" አሉ።

"ይድረስ እንጂ!"

ፍሪሲዮኑ ከጅማ እስኪመጣ ኤንትሬዋ እዚያው ቆየች፤ ጋሼ ጭምዴሳም ጥለዋት አልሄዱም። በማግስቱ እትዬ ተጂቱ ምሳ ቋጥረው መጡ። መኪናዋን ዞረው አዩ፤ መጀመሪያ መስመሩ መሃል ተጥላ፣ በኋላ ወደ ኪሱ አፍ የተጠጋችውን ቅርንጫፍም አዩ። ጠውልጋ መሬት መስላለች።

"ይሄ ነው የጣልከው?"

"እሱ ነው።"

"የጠወለገ ቅጠል ማን ያያል? ወንድ ሲጥል እንዲህ ነው" አሉና ምሳውን አስቀምጠው፣ ዋንዛው ሥር ሄደው፣ ለምለሙን ዘንጥፈው ተኩላት።

ዛሬ መስመሩ በደንብ ተሠርቷል። ሹፌሩ ገመዱ ላይ ሲከፍል ያጉረመርማል፤ ከገባ በኋላ ግን ገበያውን በመስኮት እያየ በሰላም ያልፋል። ዋንዛው ሥር ያለው ኪስ ሰፍቷል፤ ሹፌሮቹ "ጭምዴሳ ቤት" ይሉታል። ጋሼ ጭምዴሳም ወሬያቸውን አልተዉም። በሠርግ ቤት አንድ ወጣት ስለ መኪናው ሲፎክር ከሰሙ ጋቢያቸውን አስተካክለው ይጀምራሉ።

"ከእኔ መኪና ኋላ ቅጠል የተጣለው አንድ ቀን ብቻ ነው። የጣልኩትም ራሴ ነኝ።"

እትዬ ተጂቱ ከሴቶቹ መሃል ድምፃቸውን ያሰማሉ።

"የቀየርኩት ግን እኔ ነኝ!"